እትዬ ዝናብና የሦስት ሰዓት ተኩሉ መልእክት

ሰፈሩ በሙሉ እትዬ ዝናብ ነው የሚላት። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ ግን ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው የዝናብ መለኪያ ስትከፍትና ስትዘጋ የኖረችን ሴት በሌላ ስም ማን ይጠራታል። ገበያ ስትወጣ ሻጩም ገዢውም «እትዬ፣ ዛሬ ይዘንባል እንዴ?» ይላታል። መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «እኔ የወደቀውን እንጂ የሚወድቀውን አልቆጥርም።» አንዳንዱ ይስቃል። አንዳንዱ ደግሞ እያወቀች ደበቀችን ብሎ ያኮርፋል።

እኔ አጥር የምጋራት ጎረቤቷ ነኝ። ከምነግራችሁ ነገር ግማሹን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ግማሹን ደግሞ ልብስ ስናሰጣ በአጥሩ ላይ ያወራችኝ ነው።

ጣቢያው ከቤቷ መቶ እርምጃ እንኳ አይርቅም። በሽቦ የታጠረ የሣር ሜዳ ነው። መሀሉ ላይ በአራት እግር የቆመ፣ ነፋስ እንዲገባው ጎንና ጎኑ የተሰነጣጠቀ ነጭ ሳጥን አለ፤ ቴርሞሜትሮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። ከሳጥኑ ራቅ ብሎ የዝናብ መለኪያው እስከ ጉልበት በሚደርስ ቁመት ተተክሏል። ጥጉ ላይ አንድ ክፍል ቢሮ አለ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ቁም ሣጥን፣ ሁለት ወንበር። እዚህ ግቢ መጀመሪያ የገባችው በጽዳት ሠራተኝነት ነበር፤ ገና በሃያ ሁለት ዓመቷ። ያኔ ንባቡን እንዲወስድ በታዛቢነት የተቀጠረው ጢማም ሰውዬ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ይጠፋ ስለነበር፣ እሷ መጥረጊያዋን አጥሩ ላይ አስደግፋ ለክታ ትጽፍለታለች። ሰውዬው ሥራውን ሲለቅ ዋናው መሥሪያ ቤት መዝገቡን አስመጥቶ ቢያይ የሁለት ዓመት ንባብ በሁለት ሰው እጅ ተጽፏል። አንደኛው ስርዝ ድልዝ የበዛበት፣ ሌላው ጥርት ያለ። ጥርት ያለው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ የጽዳት ሠራተኛዋ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ሌላ ሰው ፍለጋ ምን ያስሮጣል ተባለና ሥራው ለእሷ ሆነ።

ሥራው ላይ ላዩን ሲታይ የልጅ ጨዋታ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን በመለኪያው ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ መስመር ወደ ተሠመረበት ጠባብ ብርጭቆ ትገለብጣለች። ከዚያ ትንበረከክና ዓይኗን ከውኃው እኩል አድርጋ ታያለች። ውኃ በብርጭቆ ውስጥ ጠርዙ ላይ ከፍ፣ መሀሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው። ቆሞ ያነበበ ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል። እሷ አንድም ቀን ቆማ አንብባ አታውቅም፤ ጭቃም ቢሆን፣ ጉልበቷን ቢያማትም።

አስቸጋሪው መላኩ ነበር። ድሮ በስልክ ነበር። ኋላ ቢሮዋ ውስጥ ኮምፒዩተር ተቀመጠና ቁጥሩ በኢሜይል ይላክ ተባለ። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚቀበለው ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ የአገሩ ጣቢያ ሁሉ አንድ ላይ ስለሚልክ መስመሩ ይጨናነቃል። እትዬ ዝናብ ሁለት ሰዓት ላይ አንብባ ጨርሳ፣ ሦስት ሰዓት እስኪሆን ትጠብቅና፣ ከዚያ ስክሪኑ ላይ የምትሽከረከረውን ክብ እያየች እስከ አራት ሰዓት ትቀመጣለች። «ዕድሜዬን የበላችው ያቺ ክብ ናት» ትለኝ ነበር።

ይህንን ለካቻቢቴ ነገረችው። ካቻቢቴ በዓመት ሁለቴ መሣሪያዎቹን ሊፈትሽ የሚመጣ ቴክኒሻን ነው። ሌላ ሰው ብዕር በሚሰካበት የደረት ኪሱ ውስጥ ካቻቢቴ ስለሚሰካ ስሙን ያወጣችለት እሷው ናት፤ እሱም አልከፋውም።

«እስካሁን በየቀኑ ቁጭ ብለሽ ነው የምትልኪው?» አላት።

«ታዲያ ማን ይላክልኝ?»

«ራሱ ይላክ እንጂ። አንቺ ቁጥሩን አስገቢና ሂጂ። ሰዓቱ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ይልካል። መስመሩ ከተጨናነቀ ደጋግሞ ይሞክራል። እሱ እንደሆነ አይሰለቸው።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ኮምፒዩተሩ ላይ ተደፍቶ ዋለ። ዊንዶውሱን አልነካውም፤ በላዩ ላይ ሌላ ነገር ጫነበት። ሲጨርስ ነጭ ፊደል የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ከፈተላት። ሥዕል የለው፣ የሚጫን ነገር የለው፤ ትዕዛዝ የሚቀበለው በጽሑፍ ብቻ ነው።

«ይህ ዩኒክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት የሚመስል ቤት ነው» አላት። «በዊንዶውስ ግቢ ውስጥ የተሠራ ሰርቪስ ቤት በይው። ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ክሮን የሚባል ዘበኛ አለ። ዘበኛው በየደቂቃው ይነሳና ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያያል። በዚህች ደቂቃ ይህን አድርግ የሚል ካለ ያደርጋል፤ ከሌለ ተመልሶ ይቀመጣል። ሌላ ሥራ የለውም።»

«እንዲህ ያለ ዘበኛ ለሰፈራችንም በኖረ» አለች።

ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው አንድ መስመር ነው። መጀመሪያ አምስት ቦታዎች አሉ፤ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ከእነሱ ቀጥሎ የሚሠራው ሥራ ይጻፋል። ማሽኑ ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ እኛ ሦስት ሰዓት የምንለው ለእሱ ዘጠኝ ነው። ኮከብ ምልክት ደግሞ የትኛውም ቦታ ሊገባ ይችላል።

«ኮከቡ ምን ማለት ነው?»

«የመጣው ይምጣ ማለት ነው። ማንኛውም ቀን፣ ማንኛውም ወር።»

የሚልከውን ፕሮግራም ራሱ ጻፈላት፤ የሰሌዳውን መስመር ግን እሷው እንድትጽፈው ተወላት። «እኔ ከጻፍኩት ስሄድ ይጠፋብሻል፤ አንቺ ከጻፍሽው ግን ያንቺ ይሆናል» ብሎ አውቶቡሱን ሊይዝ ወጣ።

በማግስቱ ንባቧን አስገባች፣ መስመሯን ጻፈች፣ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ምንም እንዳልተላከ ገባትና ፕሮግራሙን በእጇ አዘዘችው፤ ወዲያው ላከ። ለካቻቢቴ ደወለች።

«ይህ ያመጣህልኝ ዘበኛ እኔ ቆሜ ሳዘው ይሠራል፤ ዞር ስል እንደ ባለቤቴ ይሆናል።»

ካቻቢቴ ሳቀ። የጻፈችውን ፊደል በፊደል አስነበባት። «አየሽ፣ አንቺ ስታዢው ቢሮው ውስጥ ቆመሽ ነው፤ ምኑ የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ዘበኛው ግን ከደጅ ነው የሚገባው። ፋይሉን አምጣ ብቻ ካልሽው የትኛው ክፍል፣ የትኛው መሳቢያ እንደሆነ አያውቅም። ከዋናው በር ጀምረሽ ሙሉ አድራሻውን ንገሪው።»

ሙሉ አድራሻውን ጻፈች። በማግስቱ እውነትም ሠራ፤ ከልኩ በላይ ሠራ። የደቂቃው ቦታ ላይ ኮከብ አድርጋ ነበር። ሦስት ሰዓት ከአምስት ይሁን ከሃያ ምን ቸገረኝ፣ የመጣው ይምጣ ብላ። ለእሷ ኮከብ ማለት ግድ የለኝም ነው፤ ለዘበኛው ግን እያንዳንዷ ደቂቃ ማለት ነው። ስለዚህ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ድረስ በየደቂቃው ላከ። አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኳ ጮኸ። የደወለው በዋናው መሥሪያ ቤት የየጣቢያውን ቁጥር የሚቀበለው ሰው ነው፤ ዘመኑን ሙሉ በስልክ እንጂ ፊቱን አይታው አታውቅም።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ። የዛሬው ዝናብ አምስት ነጥብ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ምነው?»

«አይ፣ ስልሳ ጊዜ ነግረውኛል፤ ገብቶኛል ለማለት ነው።»

ያንን ለሳምንት እየነገረችን ሳቅን። የደቂቃው ቦታ ላይ ሠላሳ ጻፈች፣ ከአጠገቡ ዘጠኝ፣ ከዚያ ሦስት ኮከብ። ከዚያን ቀን ወዲያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ መልእክት፣ አንዴ ብቻ፣ ሳይዛነፍ ይሄድ ጀመር።

የተረፋትን ጊዜ የወሰደው የባለቤቷ ሥራ ቤት ነው። ባለቤቷ አናጢ ነው፤ ግቢያቸው ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለች ቦታ ወንበርና የመጽሐፍ መደርደሪያ ይሠራል። ሁለት ሰዓት ከሩብ ሲሆን ቁጥሯን አስገብታ ትመጣና በብርጭቆ ወረቀት የወንበር እግር ታለሰልስለታለች። ወሬያቸው አጥሩን አልፎ ይሰማኝ ነበር፤ ስለ እንጨት፣ ስለ ልጃቸው፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም። «ከተጋባን ሃያ አምስት ዓመታችን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ፊቱን ያየሁት ግን ዘንድሮ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። እንዲህ ሆኖ አራት ወር አለፈ።

በአምስተኛው ወር አንድያ ልጃቸው ልትወልድ ደረሰች። ልጅቷ የምትኖረው በአውቶቡስ ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ነው። እትዬ ዝናብ የስምንት ቀን ፈቃድ ወሰደች፤ ንባቡን ባለቤቷ ሊወስድላት ተስማሙ። እሱ ሚሊ ሜትር ለማንበብ አስተማሪ አያስፈልገውም፤ ዕድሜውን ሙሉ የሚለካው በሚሊ ሜትር ነው። መንበርከክም አሳየችው። መዝገቡ ላይ መጻፍም አሳየችው። ኮምፒዩተሩ ጋ ሲደርሱ ቁጥሩ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ቁልፍ እንደሚጫን ነገረችው፤ እሱም ቶሎ ቶሎ ራሱን ነቀነቀ። ኋላ እንደነገረኝ፣ «ገብቶኛል» ያላት አውቶቡሱ እንዳያመልጣት ብሎ ነው።

የሄደች ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። ጠዋት ራሷ ለካች፤ አርባ አንድ ነጥብ ስድስት። አስገባችው፣ ሻንጣዋን አነሳች፣ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥርግ ብሎ ፀሐይ ሆነ።

ልጅቷ በሦስተኛው ቀን በሰላም ተገላገለች፤ ሴት። እትዬ ዝናብ የልጅ ልጇን ታቅፋ መስኮት ሥር ተቀምጣ ሳለ፣ በአምስተኛው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያ የቁጥሩ ሰው ደወለ።

«እትዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጎርፉ ቤታችሁን አልነካባችሁም?»

«የምን ጎርፍ?»

ሰውዬው ቀስ ብሎ፣ «አምስት ቀን በተከታታይ አርባ አንድ ነጥብ ስድስት ልከውልናል» አላት። «ከትናንት በስቲያ ለወንዝ ዳር አትክልተኞች ማስጠንቀቂያ ሰጥተናል።»

ሕፃኗን ለእናቷ አቀበለቻትና ወደ በረንዳ ወጣች። «አምስት ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት ቁጥር አይተህ አልገረመህም?»

«ገርሞኝ ነበር፤ አልዋሽም። ሌላ ጣቢያ ቢሆን በሁለተኛው ቀን ደውዬ እጠይቅ ነበር። ከእርስዎ ስለመጣ አመንኩት።»

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው ትላለች። ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ለባለቤቷ ደወለች። «ስንት ስንት ነው ያነበብከው?»

«ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። መዝገቡ ላይ አለ። አንቺ ከምትጽፊውም አሳምሬ ነው የጻፍኩት።»

«ኮምፒዩተሩ ላይስ?»

«እሱን እንኳ . . . አቧራ እንዳይጠጣ በጨርቅ ሸፍኜዋለሁ።»

«ጨርቁን ተወውና ከሶኬቱ ንቀለው» አለችው። አልጮኸችበትም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስልኩን ሳትዘጋ ገብቷታል። እሱ ዜሮውን በእውነት አንብቦ በእውነት ጽፏል። ማሽኑም አልዋሸም፤ ላክ ተብሎ ያገኘውን የመጨረሻ ቁጥር ላከ። የዛሬውን ላክ ብሎ የነገረው ሰው ግን የለም። ፕሮግራሙን ካቻቢቴ ቢጽፈውም፣ በየቀኑ ስትጠቀምበት ባዶ ቀን ቢመጣ ምን ያደርጋል ብላ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ልጇ የእናቷን ፊት አየችና «ሂጂ እማዬ» አለቻት። «እኔ ደህና ነኝ፤ አባቷም አለ። ልብሽ እዚያ ሆኖ እዚህ ብትቀመጪ ለማናችንም አትሆኚም።» በማግስቱ ተሳፈረች።

ቤት እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው ለዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጻፍ ነው። የቁጥሩ ሰው ደብዳቤውን ሳይጠብቅ በስልክ አንድ ሐሳብ አቅርቦላት ነበር፤ «እኔ ዝም ብዬ የአራቱን ቀን ዜሮ አድርጌ ላስተካክለው፤ ማንም አያየውም» ብሎ።

«ዝም ብለህ አይሆንም» አለችው። «ዜሮ አድርገው፤ የተነበበው ዜሮ ነውና። ግን ምን ተልኮ እንደነበረ፣ ለምን እንደተላከ ከጎኑ ጻፍበት። ነገ ሌላ ሰው መዝገቡን ሲያይ የሆነውን ማወቅ አለበት።» ደብዳቤው ላይ የባለቤቷን ስም አላነሳችም። ስህተቱ የታዛቢዋ ነው ብላ ፈረመች።

በማግስቱ ንባቧን እንደጨረሰች ወደ ወንዙ ወረደች። የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ባለቤቷም ሳይጠራ ተከተላት፤ ትከሻው ላይ ሁለት ረጃጅም ጣውላ ተሸክሟል። ለምን እንደያዘው ብትጠይቀው «ይጠቅም ይሆናል» ብቻ አላት።

አትክልተኞቹ ማስጠንቀቂያውን ሲሰሙ ስድስት የውኃ ፓምፕ በገመድ እየጎተቱ ዳገቱ ላይ አውጥተዋል። አንዲት ወጣት ሴት ደግሞ ውኃ ከሚበላው ብላ ገና ያልደረሰ ሽንኩርቷን ነቅላለች። እትዬ ዝናብ ሰብስባቸው የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻቸው። ኮምፒዩተር ተበላሸ አላለችም። «እኔ በደንብ ሳላዘው ሄድኩ» አለች።

ሽንኩርቷን የነቀለችው ሴት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰማቻት። «እንግዲህ ሌላ ጊዜ ጎርፍ መጣ ብትሉኝ ከቦታዬ ንቅንቅ አልልም» አለች።

የአትክልተኞቹ ሰብሳቢ ሽበታም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። «በከንቱ የተሸከምነው ፓምፕ ያመመን ወገባችንን ነው» አለ። «ውኃ የወሰደው ፓምፕ ግን ዓመቱን ሙሉ ነው የሚያመን። ስለዚህ መልእክት መላኩን እንዳትተዉት። በእግርሽ መጥተሽ በመንገርሽም እናመሰግናለን። ግን ልጅቷ ያለችውንም ስሚ፤ ሁለተኛ ከሆነ እኔም ከእሷ ጋር ነኝ።»

«ልክ ነህ» አለችው።

አናጢው ይህን ጊዜ ጣውላዎቹን ዳገቱ ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ ነበር። ፓምፖቹን በጣውላው ላይ እያንሸራተቱ፣ እሱ ከላይ ገመዱን ይዞ እየለቀቀ፣ አንድ በአንድ አወረዷቸው። ለመውጣት ሁለት ቀን የፈጀባቸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ወረደ። እትዬ ዝናብ የሴትዮዋ ማሳ ላይ ተቀምጣ ከተነቀለው ሽንኩርት ውስጥ ሥሩ ያልደረቀውን እየለየች መልሳ ስትተክል ዋለች። አብዛኛው ያዘ፤ ኋላ ሴትዮዋ ራሷ ልካ ነገረቻት።

አለቃዋ ደብዳቤውን ካነበበ በኋላ፣ ከፈለገች ሰሌዳውን ትታ እንደ ድሮው ራሷ እንድትልክ ፈቀደላት። አንድ ሳምንት አሰበችበት። በዚያ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ክቧ ስክሪኑ ላይ ስትሽከረከር እያየች ትቀመጥ ነበር። በመጨረሻ ለካቻቢቴ ደወለች።

«ዘበኛውን አላባርረውም» አለችው። «ግን ሰው ሳያይ የሚናገር ዘበኛ አልፈልግም። ቁጥሩ የዛሬ ካልሆነ እንዳይልከው አድርግልኝ።»

«ቀላል ነው። ከመላኩ በፊት ፋይሉ የተጻፈበትን ቀን እንዲያይ እናደርገዋለን። የዛሬ ካልሆነ ዜሮ ይልካል።»

«ዜሮማ አይሆንም።»

«ለምን? ባዶ ከሆነ ዜሮ ነው እንጂ።»

«አንተ ልጅ፣ ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። ዜሮ ማለት ወጥቼ፣ ከፍቼ፣ አይቼ፣ ምንም አላገኘሁም ነው። ባዶ ማለት አላየሁም ነው። ያላየሁትን አይቻለሁ ካልኩ ያው ውሸት ነው፤ የደረቀ ውሸት ከመሆኑ በቀር።»

«ታዲያ ምን ይላክ?»

«'አልተነበበም' ይበል።»

በስልክ እሱ እየነገራት እሷ እየጻፈች ለሁለት ሰዓት ያህል ሠሩ። ይህን ጊዜ ፕሮግራሙንም ጭምር መስመር በመስመር ምን እንደሚል አስተረጎመችው፤ ያልገባትን ሳታልፍ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ጨመረች። በሰሌዳው ላይ ሁለተኛ መስመር ጻፈች፤ ሦስት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው ፋይሉን ያያል፤ የዛሬው ቁጥር ካልገባ ድምፅ ያሰማል። ድምፁን ራሷ ቀዳችው፤ «አንተ ሰውዬ፣ ቁጥሩን አስገባ» የሚል። ድምፅ ማጉያው ወደ ሥራ ቤቱ በሚያይ መስኮት ላይ ተቀመጠ።

«ቤት ያለችውስ አልበቃችም?» አለ ባለቤቷ።

ከቁጥሩ ሰው ጋር ተነጋግራ አንድ ቀን ሆን ብላ ሳታስገባ ቀረች። ሦስት ሰዓት ላይ ድምፅዋ ሰፈሩን አናጋው፤ እኔ ራሴ ከወጥ ቤት ወጣሁ። ሦስት ተኩል ላይ «አልተነበበም» የሚል መልእክት ደረሰ። የቁጥሩ ሰው ቃሏን ወደዳት መሰለኝ፤ በሚቀጥለው ወር ዋናው መሥሪያ ቤት ለሌሎቹም ጣቢያዎች ያችኑ ቃል እንዲጠቀሙ ደብዳቤ በተነ። በዚያ ደብዳቤ ላይ ሐሳቡ የማን እንደሆነ አልተጻፈም። እሷም አልጠየቀችም። ካቻቢቴ ግን በየሄደበት ጣቢያ «ይህቺ የእትዬ ዝናብ መስመር ናት» እያለ ይጭናታል።

ባለቤቷን ማስተማሩ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ጊዜ ወሰደ። መጀመሪያ በአንድ ጣቱ፣ ቁልፉን እንደ ሚስማር ራስ እየመታ ነበር። ኋላ ለመደው። እንዲያውም ከሥራ ቤቱ ሰዓት እያየ «አላስገባሽም እኮ» የሚላት እሱ ሆነ።

ባለፈው ወር እንደገና ወደ ልጇ ሄደች፤ የልጅ ልጇ መዳህ ጀምራለች። በዚህ ጊዜ ለአሥራ አምስት ቀን ነበር፤ ሻንጣዋ ውስጥ አናጢው የሠራት ባለ መንኮራኩር ትንሽ ጋሪ ነበረች። በአራተኛው ቀን የቁጥሩ ሰው ደወለላት። «እትዬ፣ ለጭንቀት አይደለም፤ ዛሬ ከእናንተ 'አልተነበበም' የሚል ስለመጣ ደህና መሆናችሁን ልጠይቅ ብዬ ነው።»

ወደ ቤት ደወለች። አናጢው ስልኩን ያነሳው በሁለተኛው ጥሪ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደህና ነኝ። ጭቃው አንሸራቶኝ ብርጭቆው ከነውኃው ከእጄ ወደቀ። ዝናቡ ዘንቧል፤ ሦስትም ይሆናል አራትም ይሆናል። ግን አላየሁትም። ስለዚህ ምንም አላስገባሁም፤ እየሰማሁሽ ዝም አልኩ።»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ልጇን ዞር ብላ አየቻትና ፈገግ አለች። «አባትሽ ታዛቢ ወጥቶታል» አለቻት። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመልሳ፣ «መለዋወጫ ብርጭቆ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አለልህ» አለችው። «እጅህን አልቆረጠህም?»

«ትንሽ ጫር አድርጎኛል። ብርጭቆውን አግኝቼዋለሁ። የሕፃኗ ጋሪ መንኮራኩሩ ይዞራል?»

«ይዞራል። ግን አትገፋውም፤ ገልብጣው መንኮራኩሩን በእጇ ነው የምታዞረው።»

«እሱም ደህና ነው» አለ አናጢው፣ ስልኩንም ዘጋ።